ጆሯቸው ጥርት፣ ዓይናቸው ብዥ

ፎቶ ሲደበዝዝ በሰፈራችን ሦስት ተጠርጣሪዎች ይያዛሉ። አንደኛው ፎቶ አንሺው ነው፤ "ማታ ሲጠጣ አምሽቶ እጁ እየተንቀጠቀጠ ነው" ይባላል። ሁለተኛው ተነሺው ነው፤ "አርፈህ ቁም ስንልህ መች ሰማኸን?" ይባላል። ሦስተኛው ካሜራው ነው፤ "ድሮስ ያገለገለ ዕቃ!" ይባልና ምርመራው እዚያው ላይ ይዘጋል። ማስረጃ አይቀርብም፣ ምስክር አይሰማም። ተጠርጣሪው ካሜራ ከሆነ ወይ ይሸጣል፣ ወይ ቁም ሳጥን ላይ ይሰቀላል። እኛ ዛሬ የምናወራችሁ ምርመራውን እስከ መጨረሻው ስለገፋንበት አንድ ጉዳይ ነው።

ሦስት ነን። የምንኖረው አቃቂ ነው። ለብዙ የከተማ ልጅ "አቃቂ ቃሊቲ" ሲባል ትዝ የሚለው ወይ ማረሚያ ቤቱ፣ ወይ ወደ ደብረ ዘይት ሲሄድ በመስኮት ያየው የጭነት መኪና ሰልፍ ነው። እኛ ግን ሰርግ እናነሳለን፤ ክርስትና፣ ምርቃት፣ ልደት፣ ሽምግልና እናነሳለን። በጋራ ያለን ሀብት አንድ ዲኤስኤልአር ካሜራ፣ ሁለት ሌንስ (አንዱ እስከ 1.8 የሚከፍት 50 ሚሊ ሜትር፣ ሌላው ዙም)፣ አንድ ፍላሽና እግሩ የላላ ትራይፖድ ነው። የካሜራውን ስም አንጠራም። የካኖንና የኒኮን ደጋፊዎች ጠብ ከአርሰናልና ከማንችስተር ደጋፊዎች ጠብ እንደማያንስ ስለምናውቅ በሰላም መኖር እንመርጣለን።

ካሜራው የታመመው በክፉ ጊዜ ነበር። ጥር እየመጣ ነው። ጥር ማለት ለሰርግ ፎቶ አንሺ ምን ማለት እንደሆነ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ የዓመቱ ቤት ኪራይ ከዚያ ነው የሚወጣው። ከጥምቀት በኋላ የያዝነው አንድ ሰርግ ደግሞ የሰፈራችን ልጅ ሰርግ ነው። ሙሽራዋ ስለ ኬኩም ስለ መኪናውም ብዙ አላስጨነቀችንም። የለመነችን አንድ ነገር ነው፤ "አያቴን በደንብ አንሱልኝ"። እማማ ዘጠናን አልፈዋል። በዚህ ሁሉ ዕድሜ የተነሱት ፎቶ የቀበሌ መታወቂያቸው ላይ ያለው ብቻ ነው፤ እሱም ማኅተሙ ግንባራቸው ላይ አርፎበታል።

በቀለበቱ ቀን አነሳናቸው። መስኮት አጠገብ ተቀምጠዋል፣ ብርሃኑ ደግ ነው፣ ነጠላቸውን አጣፍተዋል፣ ሳቅ ብለዋል። ቤት ገብተን ኮምፒዩተር ላይ ስንከፍተው ጆሯቸው ጥርት ብሏል። የጉትቻቸው ቀለበት ላይ ያለው ጭረት ሳይቀር ይቆጠራል። ዓይናቸው ግን ብዥ ብሏል። ሁለተኛው ፎቶም እንደዚያው፣ አስረኛውም እንደዚያው። ሰርጉ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል።

ከተማ ወጣንና አንድ ጥገና ቤት አሳየነው። ባለሙያው ሌንሱን ነቅሎ ወደ ውስጥ አየ፣ በአፉ እፍ አለበት (በካሜራ ውስጥ በአፍ እፍ አይባልም፤ ምራቅ ይረጫል)፣ ከዚያ "ቦርዱ ነው" አለን። የጠራልን ዋጋ ካሜራውን ከገዛንበት ግማሹን ነው። በአገራችን የኤሌክትሮኒክስ ጥገና "ቦርዱ ነው" ማለት ክሊኒክ ስንሄድ "ታይፎይድ ነው" እንደሚባለው ነው፤ ሁሉንም ሕመም ይችላል። ካሜራችንን አቅፈን በቀላል ባቡሩ ቃሊቲ ወረድን፣ ከዚያ በሚኒባስ ወደ አቃቂ።

እዚህ ጋ ስለ ሰፈራችን አንድ ነገር መናገር አለብን። አቃቂና ቃሊቲ የብረት አገር ነው። የመለዋወጫ ፋብሪካው፣ ብረታ ብረቱ፣ ጋራዡ ብዙ ሰው ያሳደገ ነው፤ በየግቢው ቶርኖ ላይ ዕድሜውን የጨረሰ ጡረተኛ አይጠፋም። የኛ ጋሼ ከነዚህ አንዱ ናቸው። ካሜራ ይዘው አያውቁም። የሆነውን ስንነግራቸው የጠየቁን ስለ ቦርድ አልነበረም። "ይኼ ነገር ርቀት የሚለካው በምንድነው? መለኪያው ራሱ ተለክቷል?" አሉን።

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። መልሱን ለመስጠት ግን ዲኤስኤልአር እንዴት እንደሚያይ ማወቅ ያስፈልጋል።

ብርሃን በሌንሱ ሲገባ 45 ዲግሪ ያጋደለ መስታወት ይቀበለዋል። መስታወቱ አብዛኛውን ብርሃን ወደ ላይ ይልከዋል፤ ያ ብርሃን እላይ ባለው ፕሪዝም ዞሮ ዓይናችንን የምንጥድበት ቪውፋይንደር ጋ ይደርሳል። የመስታወቱ መሃል ግን ብርሃኑን ሙሉ በሙሉ አይመልስም፣ ከፊሉን ያሳልፋል። ከኋላው ሌላ ትንሽዬ መስታወት ተንጠልጥላለች። እሷ ያለፈውን ብርሃን ወደ ታች፣ ወደ ካሜራው ወለል ትመልሰዋለች። የአውቶፎከስ ሰንሰሩ ያለው እዚያ ወለል ላይ ነው። ፎቶውን የሚያነሳው ትልቁ ሰንሰር ደግሞ ከኋላ፣ ከሻተሩ ጀርባ ነው። ሻተሩን ስንጫን ሁለቱም መስታወቶች ብድግ ይሉና ብርሃኑ በቀጥታ ወደ ኋላ ያልፋል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ፎከሱ የሚለካው አንድ ቦታ ነው፣ ፎቶው የሚነሳው ሌላ ቦታ ነው።

ወለሉ ላይ ያለው ሰንሰር የሚሠራው እንደ ሁለት ዓይን ነው። ጣታችሁን ከፊታችሁ ዘርጉና አንድ ጊዜ ግራ፣ አንድ ጊዜ ቀኝ ዓይናችሁን ጨፍኑ፤ ጣታችሁ ቦታ የቀየረ ይመስላል። ሰንሰሩም በሌንሱ በአንዱ ጎን የገባውን ምስል በሌላው ጎን ከገባው ጋር ያስተያያል። በሁለቱ መካከል ካለው ልዩነት ሌንሱ ወደየት፣ ምን ያህል መዞር እንዳለበት ባንድ ጊዜ ያውቃል። ፍጥነቱ ከዚህ ነው የሚመጣው። እ.ኤ.አ. በ1985 ሚኖልታ 7000 ይህን ዘዴ በካሜራው ሆድ ውስጥ አስገብቶ ገበያ ሲወጣ ዓለም የተገረመው በዚህ ነበር።

ግን ሁሉም የቆመው በአንድ እምነት ላይ ነው። ከሌንሱ መቀመጫ ወለል ላይ እስካለው ሰንሰር ያለው መንገድና እስከ ትልቁ ሰንሰር ያለው መንገድ ርዝመታቸው እኩል መሆን አለበት። በካኖን ኢኤፍ ካሜራዎች ከሌንሱ መቀመጫ እስከ ትልቁ ሰንሰር 44 ሚሊ ሜትር ነው፤ በኒኮን ኤፍ 46.5። በ1.8 ከፍተን ስናነሳ በዚህ ርቀት ላይ የምትፈቀደው ስህተት ከአንድ ወረቀት ውፍረት ታንሳለች። ይኼን ስንነግራቸው ጋሼ ፈገግ አሉ። ቶርኖ ሠራተኛ ስለ ወረቀት ውፍረት ሲሰማ ዘመዱን ያገኘ ነው የሚመስለው።

ወደ ምርመራው እንግባ። መጀመሪያ የእጅ መንቀጥቀጥን ከተጠርጣሪዎች ዝርዝር ማውጣት ያስፈልጋል፤ ይኼን ደግሞ ፎቶው ራሱ ይናገራል። እጅ ከተንቀጠቀጠ ሁሉም ነገር ወደ አንድ አቅጣጫ ይሰመራል፣ የትም ቦታ ጥርት ያለ ነገር አይገኝም። ተነሺው ከተንቀሳቀሰ እሱ ተስሎ ግድግዳው ጥርት ይላል። ሰውየው አርፎ ተቀምጦ ከፊቱ ወይ ከኋላው ያለው ነገር ጥርት ካለ ግን ጉዳዩ የፎከስ ነው። የእማማ ጉትቻ ምስክርነቱን ሰጥቷል።

ቀጥሎ ቪውፋይንደሩ ጎን ያለችው ትንሽ ጎማ አለች። እሷ የምታስተካክለው የተመልካቹን ዓይን እንጂ ፎቶውን አይደለም፤ መነጽር ለሚያደርግ ሰው የተሠራች ናት። ልጅ ሲነካካት ትዞርና ዓለም ሁሉ ብዥ ትላለች፣ ፎቶው ግን ደህና ይወጣል። በዚህች ጎማ ምክንያት ብቻ በርካሽ የተሸጠ ካሜራ እናውቃለን። የኛዋ በቦታዋ ነበረች። የሌንሱ ማብሪያ በአውቶ ላይ ነው፣ ወርቃማዎቹ የሌንስ ነጥቦች በንጹሕ ጨርቅ ተወልውለዋል። የአቃቂ መሬት መረሬ ነው፤ በክረምት ጫማ ያወልቃል፣ በበጋ ደግሞ ከትልቁ መንገድ በጭነት መኪና ጎማ እየተፈጨ ቤት ድረስ ይገባል። ሌንስ የምንቀይረው በር ዘግተን፣ ካሜራውን ወደ መሬት ደፍተን ነው።

ዋናው ፈተና አምስት ክብሪት ነው የፈጀው። ከሱቅ ገዝተን ጠረጴዛ ላይ በሰያፍ ደረደርናቸው፣ እያንዳንዱ ከፊተኛው 5 ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ። ካሜራውን ትራይፖድ ላይ አስረን፣ ከ1.5 ሜትር ርቀት፣ 50 ሚሊ ሜትሩን እስከ 1.8 ከፍተን፣ መሃለኛዋን የፎከስ ነጥብ ብቻ መርጠን ሦስተኛው ክብሪት ላይ አነጣጠርን። አስር ፎቶ አነሳን። ከእያንዳንዱ ፎቶ በፊት የሌንሱን ቀለበት በእጅ አዙረን ፎከሱን እናጠፋዋለን፤ አለበለዚያ ካሜራው የያዘውን ይዞ ዝም ይላል። አስር ያልነው አውቶፎከስ ጤነኛ ሲሆንም ትንሽ ስለሚዋዥቅ ነው፤ አንድ ፎቶ ማስረጃ አይሆንም። ከአስሩ በዘጠኙ ጥርት ያለው አምስተኛው ክብሪት ነው። አስር ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ፤ ከዓይን እስከ ጆሮ።

ከዚያ ምንም ሳንነካ ላይቭ ቪውን ከፈትን። በላይቭ ቪው መስታወቶቹ ተነስተው ይቆያሉ፤ ካሜራው ፎከስ የሚፈልገው በራሱ በትልቁ ሰንሰር ላይ፣ ምስሉ እስኪጠራ ወደ ፊት ወደ ኋላ እየሞከረ ነው። ቀርፋፋ ነው፣ ግን የሚለካውና የሚያነሳው አንድ ስለሆኑ አይዋሽም። አስር ፎቶ፣ አስሩም ላይ ሦስተኛው ክብሪት ጥርት። ሌንሱ ጤነኛ፣ ትልቁ ሰንሰር ጤነኛ፣ ቦርድ የተባለውም ሥራውን እየሠራ ነው ማለት ነው። ዙሙን ገጠምን፤ እሱም በቪውፋይንደር ሲሆን ወደ ኋላ ይሄዳል፣ በላይቭ ቪው ይስተካከላል። ሁለት ሌንስ ባንድ አቅጣጫ ከሳተ በሽታው ቦዲው ውስጥ ነው። ቦዲው ውስጥ ደግሞ በላይቭ ቪው ጊዜ የማይሠራው መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ በትንሿ መስታወት በኩል ወደ ወለሉ የሚወርደው።

ይኼ በሽታ የድሃ ካሜራ በሽታ ነው ብላችሁ እንዳታስቡ። እ.ኤ.አ. በ2007 ካኖን ለስፖርት ፎቶ አንሺዎች ያወጣው ኢኦኤስ-1ዲ ማርክ 3 አውቶፎከሱ እየሳተ ባለሙያዎችን ሲያስለቅስ ኩባንያው በዚያው ዓመት መጨረሻ ጥገና ያወጀው ለዚያችው ለትንሿ መስታወት ነው። በ2012 የወጣው ኒኮን ዲ800 ደግሞ በግራ በኩል ያሉ የፎከስ ነጥቦቹ ይስቱ ነበር። ልዩነቱ እነዚያ ሰዎች ካሜራቸውን በፖስታ ለአምራቹ ልከው ተስተካክሎ ይመለስላቸዋል። እኛ ያለን ጠረጴዛ፣ ክብሪትና ጋሼ ናቸው።

አንዳንድ ካሜራ ይኼን በሜኑ ውስጥ ማስተካከል ይቻላል፤ ከ20 ሲቀነስ እስከ 20 ሲደመር ባለ ሚዛን ፎከሱን ወደ ፊት ወይ ወደ ኋላ ትገፉታላችሁ። ያገለገለ ካሜራ የምትገዙ ከሆነ ይኼን ጠይቁ፤ ሻጩ አይነግራችሁም። ኒኮን ዲ300 እና ዲ7000 አላቸው። የካኖን ነገር ያስቃል፤ በ2008 የወጣው 50ዲ አለው፣ እሱን የተከተለው 60ዲ በ2010 ሲመጣ ተነስቷል፣ በ2013 ደግሞ 70ዲ ላይ ተመልሷል። "አዲስ ሞዴል ይሻላል" የሚለው የገበያ ሕግ እዚህ ላይ አይሠራም። በእኛው ካሜራ ሜኑ ውስጥ ይኼ የለም።

የቀረው ብረቱ ነው። በብዙ ዲኤስኤልአሮች ውስጥ፣ መስታወቶቹ ባሉበት ሳጥን የጎን ግድግዳ ላይ፣ ትንሿ መስታወት ወርዳ የምታርፍባት አንዲት ፒን አለች። ፒኗ ፍጹም ክብ ሆና መሃሏ ላይ አትዞርም፤ ወደ ጎን ወጣ ያለች ናት። ስለዚህ ስትዞር መስታወቷ የምታርፍበት ቦታ በፀጉር ያህል ከፍና ዝቅ ይላል። ጋሼ በባትሪ መብራት ሲያዩዋት "ኤክሰንትሪክ ነው!" ብለው ጮኹ። እኛ የአውቶፎከስን ምስጢር አገኘን ስንል እሳቸው ሠላሳ ዓመት የኖሩበትን ነገር ነው ያገኙት።

መጠንቀቅ የሚያስፈልገው እዚህ ጋ ነው። የትልቁም መስታወት ማረፊያ ተመሳሳይ ፒን አለው። እሱን ካዞራችሁት በቪውፋይንደር የምታዩት ራሱ ይዛባል፤ የታመመውን ትታችሁ ጤነኛውን ቆረጣችሁ ማለት ነው። የምትፈለገው ከኋላ ያለችው ናት። ትልቁን መስታወት ጠርዙን ብቻ በስቴኪኒ ቀስ አድርገን አነሳን። የመስታወቱ ፊት በጣት አይነካም፤ የተቀባው ብር ላዩ ላይ ስለሆነ አሻራ ይበላዋል፣ መወልወል ደግሞ ይልጠዋል። ከሁለት ሚሊ ሜትር የማትበልጥ አለንኪ ጋሼ ከሣጥናቸው አወጡ። ከማዞራችን በፊት የፒኗን የቀድሞ አቀማመጥ በስልክ ፎቶ አነሳን፣ መመለስ ቢያስፈልግ እንድንመለስ። ከዚያ የሰዓት ዘንግ በአንድ ደቂቃ የሚሄደውን ያህል አዞርንና ሌንስ ገጥመን አስር ፎቶ። ወደ ስድስተኛ ክብሪት የሚሄድ መሰለ (ስድስተኛ ክብሪት የለም፤ የጠረጴዛው ልብስ ነው ጥርት ያለው)። ሌንስ ነቅለን ወደ ሌላው አቅጣጫ፣ እንደገና አስር ፎቶ። አምስተኛ፣ አራተኛ፣ አራተኛ ተኩል። እንዲህ ስንል ቡና ሦስት ጊዜ ተፈላ። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ከአስሩ ስምንቱ ሦስተኛው ክብሪት ላይ አረፉ።

ስምንት ነው ያልነው፣ አስር አላልንም። ዙሙ በሙሉ ርዝመቱ ሲወጣ ዛሬም ትንሽ ወደ ኋላ ያደላል። የዳር ፎከስ ነጥቦችም እንደ መሃሉ አይታመኑም፤ በብዙ ካሜራ መሃለኛዋ ቁመቱንም ወርዱንም ታያለች፣ የዳሮቹ ግን አንዱን ብቻ። ቁመት ለቁመት የተሰነጠረ የቆርቆሮ አጥር ላይ አንዷ ነጥብ ቶሎ ይዛ አጠገቧ ያለችው ስትንከራተት የምታዩት ለዚህ ነው። ነጭ የሐበሻ ቀሚስ ላይ ደግሞ ሁሉም ይንከራተታሉ፤ አውቶፎከስ መስመር ይፈልጋል፣ ነጭ ላይ ነጭ ምኑን ይይዛል? ጥለቱን ወይ ዓይንን ስጡት። ማስተካከል ላልቻለ ሰው የምንመክረው መጠጊያ አለ፤ ቀዳዳውን አጥብቡ። በ50 ሚሊ ሜትር ከ1 ሜትር ላይ በ1.8 ስናነሳ ጥርት የሚለው ውፍረት በመካከለኛ ዲኤስኤልአር 3 ሴንቲ ሜትር አይሞላም፤ በ8 ስናነሳ ግን 12 ያህል ይሆናል። ስህተቱ አይጠፋም፣ ግን ዓይንም ጆሮም አብረው ይገባሉ። በድንኳን ውስጥ መብራት ለዚያ ካልበቃ ፍላሽ አለ።

ሰርጉ ደረሰ። የሚሮጠውን፣ የሚጨፍረውን፣ "ሙሽሪት ልመጂ" የሚለውን ሁሉ በቪውፋይንደር አነሳን። እማማን ግን ሙሽራዋን ከጎናቸው አስቀምጠን፣ በትራይፖድ፣ በላይቭ ቪው፣ ዓይናቸው ላይ አጉልተን አነሳናቸው። "ምነው ቆያችሁ?" አሉን፤ ላይቭ ቪው እንደሚዘገይ ነግረናችኋል። ፎቶው አሁን በትልቁ ታትሞ ሳሎን ላይ ተሰቅሏል። ዓይናቸው ውስጥ መስኮቱ ይታያል፣ በመስኮቱ ውስጥ ደግሞ ትራይፖዱ ይታያል።

ከዚያ ወዲህ ሰው ካሜራ ይዞ ይመጣብናል። እየበዛም ነው፤ ምክንያቱም ካኖንም ኒኮንም እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ፊታቸውን ወደ መስታወት አልባ ካሜራ አዙረዋል። በነዚያ ውስጥ ፎከሱ የሚለካው በትልቁ ሰንሰር ላይ ስለሆነ በመስታወት የሚመጣ የዚህ ዓይነት መሳት የለም። ሌላው ዓለም ዲኤስኤልአሩን እየጣለ ነው፣ የተጣለው ደግሞ በርካሽ ወደኛ እየመጣ ነው። ስለዚህ በሽታው ከአምራቾቹ አገር ሲወጣ አቃቂ ላይ ቤት ሊከራይ ነው ማለት ነው።

ባለፈው አንድ ልጅ ኒኮን ዲ3200 ይዞ መጣ። 50 ሚሊ ሜትር ሌንሱ ፎከስ አይይዝም፤ ድምፅም አያሰማም። አንድ ቦታ "ሞተሩ ተቃጥሏል" ተብሎ ለጥገና ገንዘብ እያጠራቀመ ነው። ሌንሱን ገልብጠን አየነው፤ አሮጌው ኤኤፍ-ዲ ነው፣ በውስጡ ሞተር የለውም። የሚያዞረው ሞተር ከቦዲው መምጣት ነበረበት፤ ዲ3200ን ጨምሮ በኒኮን ዲ3000ና ዲ5000 ተከታታይ ካሜራዎች ውስጥ ደግሞ ያ ሞተር አልተሠራም። ዲ90 ወይ ዲ7000 ላይ ቢገጠም ሌንሱ እንደ ደህና ነገር ይሠራል። እሱ ካሜራ ላይ ግን በእጅ ብቻ ነው፤ ቪውፋይንደሩ ውስጥ በስተታች አረንጓዴ ነጥብ ስትበራ ፎከሱ ተይዟል ማለት ነው።

ልጁ ሌንሱን አየ፣ እኛን አየ። "ታዲያ ምኑ ነው የተቃጠለው?" አለን።